ፊደል የማይዘል አባት

የሆቴሉ ልብስ ተኳሽ እንግሊዝኛ የሚያነበው ጮክ ብሎ ነበር። የሥራ ክፍሉ ምድር ቤት ነው፤ መስኮት የለውም። አንሶላውን ይዘረጋና፣ እንግዶች ትተውት የሄዱትን መጽሔት ግድግዳው ላይ ካለው ቱቦ ጀርባ ሸጉጦ፣ ካውያውን እየገፋ ያነባል። የእንፋሎቱ ፉጨት ሲበረታ እሱም ድምፁን ከፍ ያደርጋል። አጣቢዋ በበሩ ብቅ ብላ፣ "ሬዲዮ፣ ዛሬስ ዓለም እንዴት አደረች?" ትለዋለች።

"ያው ነው፤ እንደተጣላች ናት" ይላታል። ካነበበው ግማሹ እንኳ እንዳልገባው ሁለቱም ያውቃሉ።

ትምህርቱን ያቋረጠው ገና በልጅነቱ፣ አባቱ ሲሞት ነው። ቁጭቱ ግን አልለቀቀውም። አንድ ቀን ሆቴሉ ውስጥ ያረፉ ጡረተኛ አስተማሪ ኮታቸውን ሊያስተኩሱ ራሳቸው ወርደው፣ መጽሔት ላይ አፍጥጦ አገኙት።

"በልብህ አታንብብ" አሉት። "አፍህ ካልሠራ ምላስህ አይፈታም። ጮክ በል። መጀመሪያ ግን የሚያውቅ ሰው ሲያነብ ስማ፤ ከዚያ እሱን ተከተል።"

ጮክ በል የምትለዋን እንደ መድኃኒት ያዛት። ስማ የምትለዋን ግን ከየት ያምጣት? የሚያነብለት ሰው አልነበረውም። ስለዚህ የራሱን መላ ፈለገ። መላውም ቀላል ነበር፤ የተጻፈ ሁሉ ይነበባል። በልጅነቱ የቆጠረው ፊደል አንዱም ዝም አይልም፤ የእንግሊዝኛው ዝም ይላል ብሎ በምን ይጠርጥር? ቢላዋውን "ክናይፍ"፣ ደሴቱን "ኢስላንድ" እያለ ዓመታት አነበበ። ፊደል መዝለል ለእሱ የሰው ሸሚዝ ግማሹን ተኩሶ እንደ መስጠት ነበር።

ሴት ልጁ ፊደል ስትለይ ደስታው ወሰን አጣ። ከሥራ ሲመለስ እጁን ታጥቦ አጠገቧ ይቀመጣል። እንግሊዝኛውን እሱ አንድ መስመር፣ እሷ አንድ መስመር ያነባሉ። እናትየው ከጓዳ ሆና፣ "እሷን ስሰማ እኮ ሳልበላ እጠግባለሁ" ትላለች። ልጅቷም ድምፀ መልካም ናት፤ ጎረቤት ሁሉ ያደንቃታል።

በዚያ ድምፅዋ ነው ለወላጆች ቀን የተመረጠችው። ደሴት ላይ ቢላዋው ስለጠፋበት ዓሣ አጥማጅ በእንግሊዝኛ የተጻፈ አጭር ታሪክ ልታነብ። አባትየው ሸሚዙን ሁለቴ ተኩሶ፣ ከሁሉም ቀድሞ ሄዶ ፊት ወንበር ላይ ተቀመጠ።

ልጅቷ መድረኩ ላይ ወጥታ ጥሩ አድርጋ ጀመረች። ደሴቱ ጋ ስትደርስ ግን ቆም አለች። ቀና ስትል አባቷን አየችው። አንገቱን አስግጎ፣ ከንፈሩ ከእሷ ቀድሞ ቃሉን ይሠራል።

"ኢስላንድ" አለች።

ከኋላ አንድ ሰው ሳቀ። "ክናይፍ" ስትል አዳራሹ በሙሉ ሳቀ። አባትየው ዞሮ፣ በሰው ልጅ የሚስቁት ምን ዓይነት ሰዎች ናቸው ብሎ ገላመጣቸው። ልጅቷ ፊቷ እየቀላ እስከ መጨረሻው አነበበች፤ አንድም ፊደል አልዘለለችም።

ሲወጡ የእንግሊዝኛ መምህሯ በረንዳው ላይ አገኘችው። "አባቷ እርስዎ ነዎት? አይዘኑ፣ ጎበዝ ልጅ ናት። እኔን የገረመኝ በልምምዱ ጊዜ አለመሳሳቷ ነው። አይላንድ ብላ፣ ናይፍ ብላ ነው ያነበበችው። ዛሬ ምን እንደነካት እንጃ።"

"እንዴት? ኬ የምትባለዋ ፊደልስ?"

"አትነበብም።"

"ተጽፋ?"

"ተጽፋም አትነበብም።"

ልጁ እያወቀች፣ እሱን ላለማሳፈር ብላ በሰው ፊት ራሷን እንዳሳፈረች የገባው ያኔ ነው። መንገድ ላይ፣ "እያወቅሽ ነው እንዴ?" አላት።

"አባዬ፣ እርቦኛል" ብላ ቀደመችው።

ከዚያ በኋላ ሊማር ሞከረ። መምህሯን ለምኖ ድምፅዋን በስልኩ ቀዳ፤ እያዳመጠ ተከተላት። ምላሱ ግን እንቢ አለ። አንዴ አቃንቶ ካለው፣ ቀጥሎ ሳያስበው የድሮው ያመልጠዋል። ተጣጥፎ የተተኮሰ ልብስ ውኃ ሲረጩበት ይቃናል፤ አፍ ላይ ምን ይረጫል? በመጨረሻ ተወው። ምድር ቤቱ ውስጥ የሚሰማው የእንፋሎቱ ፉጨት ብቻ ሆነ። አጣቢዋም መጠየቋን ተወች።

ልጅቷ ቤት ውስጥ ማንበቧን አላቆመችም፤ ድምፅዋን ግን አጠፋችው። "ጉሮሮዬን አሞኛል" ትል ነበር። ከርሞ፣ ስትመኘው የኖረችው ትምህርት ቤት ለመግባት በቃል ተፈተነች። ፈታኞቹ አንድ የእንግሊዝኛ ገጽ ሰጥተው አንብቢ አሏት። ገጹን ይዛ ቆመች፤ አፏንም ሳትከፍት ወጣች። ሳትገባ ቀረች።

አባትየው አልተቆጣም። "ምን ሆነሽ ነው?" አላት ቀስ ብሎ።

"ቃሉን ሳየው ሁለቱም ይመጡብኛል። ያንተም፣ የመምህሬም። የትኛው የማን እንደሆነ ይጠፋብኛል።"

"የእኔን ጣይው።"

"እንዴት ነው የሚጣለው?" አለችው። መጠየቋ ከልቧ ነበር።

እናትየው፣ በገዛ ቋንቋዋ ታንብብ፣ ምናልባት ድምፅዋ ይመለስ ይሆናል አለች። አንድ እሑድ አባትየው የአማርኛ ጋዜጣ ሰጣት። ልጅቷ እሺ ብላ ጀመረች፤ መስመሩን ሳትጨርስ እንደ መድረኩ ቀን ቀና ብላ ከንፈሩን አየች፤ ቆመች። እሱ እንዳያስቸግራት ብሎ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ጠበቀ። ቆይቶ የሰማው ጋዜጣው ሲታጠፍ ነው።