የበቀለች የጾም ቁርስ

በቀለች ስኳር እንዳለባት ከመታወቁ በፊት መንደሩ ዓይን በልቷት ነው ይል ነበር። ባሏ ከሞተ ወዲህ ዘንገና ሐይቅ አጠገብ ያለችውን ማሳ ከልጇ ከደጉ ጋር ሆና ድንችና ገብስ የምታለማ ብርቱ ሴት ነበረች። አንድ ክረምት ቀሚሷ ሰፋት፤ ውኃ ጠጥታ አልረካ አለች። ጠበል ተጠመቀች፣ አልተሻላትም። በመጨረሻ ደጉ ቆሰበር ከተማ ሆስፒታል ይዟት ሄደ፤ ሐኪሙም ስኳር መሆኑን ነገራትና መርፌ አዘዘላት።

«እስከ መቼ ነው የምወጋው?» አለችው።

«ሁልጊዜ ነው።»

ከመርፌው ይልቅ ይህ ቃል ከበዳት።

ከዚያ ወዲህ ኑሮዋ መንገድ ሆነ። ጎህ ሳይቀድ ተነስታ እስከ አስፋልቱ በእግር፣ ከዚያ በባጃጅ፣ ከዚያ ወረፋ። በገባች ቁጥር የሚቀበላት ሌላ ሐኪም ነው፤ ሁሉም «ምንዎን ነው የሚያምዎት?» ብሎ ከሀ ይጀምራል። በሽታዋን እንደ አዲስ መናገሩ ራሱ ያደክማት ጀመር። አንዳንድ ቀን «ደህና ነኝ» ብላ መድኃኒቷን ብቻ ተቀብላ ትመለሳለች።

በሁለት ሺህ ስምንት ዓመተ ምሕረት ግድም ቀበሌዋ አጠገብ ያለው ጤና ጣቢያ ማክሰኞን ለስኳርና ለደም ግፊት ሕሙማን ብቻ ለየ። ሲስተር እታለማሁ ስኳርና ግፊት ትለካለች፣ ጫማ አስወልቃ የእግር ጣት ሳይቀር ትመለከታለች። ጤና መኮንኑ ክንዴ ያክማል። የምሥራች የምትባለው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ደግሞ ሰዉን በየቤቱ እየዞረች ትጠይቃለች። ሕሙማኑ ሲያልቁ ሦስቱ አንድ ላይ ተቀምጠው ስለ እያንዳንዱ ሰው ይመክራሉ። በቀለች መድኃኒቷን እርጥብ አሸዋ በሞላበት እንስራ ውስጥ ቀብራ እንድታቀዘቅዝ ያስተማረቻት የምሥራች ናት። መንገዱ አጠረላት፤ መርፌው ግን ያው ነበር።

በዓመቱ ዐቢይ ጾም ገባ። በቀለች እንደ ልማዷ ጠዋት ተወግታ፣ እህል ሳትቀምስ ድንች ልትቆፍር ወረደች። ፀሐዩ ሲበረታ ላብ አጠመቃት፣ መቆፈሪያውን እንደያዘች ወደቀች። ደጉ ጮኸ። የምሥራች ከጎረቤት ሮጣ ደረሰችና ስኳር በጥብጣ ከንፈሯን እያራሰች፣ ነቃ ስትል አጠጣቻት። ከዚያ በቃሬዛ ጤና ጣቢያ ወሰዷት።

ነፍሷ መለስ ሲል ሦስቱም አልጋዋ አጠገብ ነበሩ።

«እማማ፣ ተወግተው ሳይበሉ መዋል ይገድልዎታል» አለ ክንዴ። «ስንት ጊዜ ነገርኩዎት?»

በቀለች ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረችና በአገውኛ ተናገረች። ክንዴ የዚያው የአገው ምድር፣ የዳንግላ ልጅ ቢሆንም አገውኛ አይሰማም፤ እታለማሁን አያት።

«‹ማሩን ከለከላችሁኝ፣ ጠላውን ከለከላችሁኝ፣ ከሰው እኩል የቀረኝ ጾሙ ነበር፤ እሱንም ልትወስዱብኝ ነው ወይ?› ነው የምትለው» አለች እታለማሁ። ድምፅዋ ዝግ ያለ ነበር።

ክንዴ ወንበር ስቦ ተቀመጠ። «ይህ በኛ ቃል የሚያልቅ አይደለም። የንስሐ አባትዎ ማን ናቸው?» ሲል ጠየቃት።

በሚቀጥለው ማክሰኞ የምሥራች ቄስ ሀብቱን ይዛ መጣች። ቄሱ መርፌው ምን እንደሚሠራ ሁለት ጊዜ አስደግመው ሰሙ። ከዚያ ወደ በቀለች ዞሩ።

«ልጄ፣ ሰዓቱን ትቼልሻለሁ። ሥጋና ወተቱን ከጾምሽ ይበቃሻል። ጠዋት ብዪ።»

«እሺ አባ» አለች፤ እንባዋ ግን ወረደ። የተፈቀደላት መብላት ከተከለከለችው ሁሉ ባሰባት።

ቤቱ ባዶ ሲሆን ቂጣዋን አውጥታ ከጎተራው ጀርባ ሆና ትበላ ጀመር፤ እንደ ሌባ። ጎረቤቷ አምሳለ አንድ ጠዋት እሳት ልትጭር ገብታ አየቻትና፣ በቀለች ጾም ገደፈች ብላ አወራች። ቄስ ሀብቱ ሰምተው ከቅዳሴ በኋላ፣ «እኔ ነኝ የፈቀድሁላት፤ ነገር ያለው ወደ እኔ ይምጣ» አሉ። ሐሜቱ በረደ። እሷ ግን ከጎተራው ጀርባ አልወጣችም።

ዓመታት እንዲህ ሄዱ። ክንዴ ወደ አገሩ ወደ ዳንግላ ተዛወረ። መድኃኒት የጠፋበት ወር ነበር፤ የምሥራች ከአዲስ ቅዳም ከተማ አፈላልጋ ያመጣችበት ወርም ነበር። የበቀለች ግራ ዓይን ደበዘዘ። እታለማሁም ስትለካ እየቆመች ወገቧን መያዝ ጀመረች።

«ደከመኝ እኮ» አለቻት በቀለች አንድ ቀን።

«እኔም ደክሞኛል። በይ ክንድሽን ስጪኝ» አለች እታለማሁ።

ሌላ ዐቢይ ጾም መጣ። በማክሰኞው ወረፋ አግዳሚ ወንበሩ ላይ ሽባባው የሚባል ጎልማሳ ከበቀለች ጎን ተቀምጧል፤ መርፌ ከጀመረ ገና ወሩ ነው። ሚስቱ ያሰረችለትን ቂጣ ከጋቢው ሥር ይዞ ሰዉን ያያል፤ አይበላም። ግንባሩ ላይ ላብ ችፍ ብሏል።

«ተወግተሃል?» አለችው።

«አዎ።»

«ታዲያ ብላ እንጂ።»

«በጾም? በዚህ ሁሉ ሰው ፊት?»

በቀለች መደበቅ ሰልችቷታል። የራሷን ቂጣ ከመቀነቷ ፈታች፣ ቆርሳ አፏ ከተተች፤ ሰዉ እያያት እያኘከች ለሱም ቆርሳ ሰጠችው። ሽባባው አቀርቅሮ ተቀበላት። አምሳለም ለእናቷ ግፊት መጥታ እዚያው ወረፋ ላይ ነበረች፤ አየቻቸውና ወረፋዋን መጠበቅ ቀጠለች።

በሩ ተከፈተ። «እማማ በቀለች፣ ግቢ» አለች እታለማሁ። በቀለች ፍርፋሪውን ከቀሚሷ አራግፋ፣ የሽባባውን ትከሻ ተደግፋ ተነሣች።