አርባ አንድ ቁጥርን ያስጠማው ሰው

ሥራዬ አፈር መቀቀል ነበር። ሳቁ፣ ግድ የለም፤ ባለቤቴም ሥራዬን የነገርኳት ቀን ስቃለች። በዕፅዋት ምርምር ጣቢያ ለሙከራ የሚዘራ ዘር ንጹሕ አፈር ይፈልጋል፤ አፈር ደግሞ ካልቀቀሉት በሽታው ከነቤተሰቡ ይኖርበታል። ስለዚህ በየጠዋቱ በርሜሉን በእንፋሎት አሞቃለሁ፣ አፈሩን አበስላለሁ፣ አቀዘቅዘዋለሁ፣ በየፕላስቲኩ እሞላዋለሁ። አሥራ አራት ዓመት ሙሉ እዚያ ግቢ ስሜ «አፈሩ» ነበር። የማወራችሁ ግን ስለ ዓይናማዋ ነው። ስለ ራሴ የምለው ወደ በኋላ ይመጣል፤ እሱንም ወድጄ አይደለም።

ዓይናማዋ ያልናት ቅጠል ስለምታነብ ነው። እንዲህ ነው ነገሩ፦ ዋግ የሚባል የስንዴ በሽታ አለ፤ ዱቄት የመሰለ ነገር ነው፣ በነፋስ ይሄዳል። የእኛ ሰዎች ያንን ዱቄት እያወቁ በመስታወት ቤቱ ውስጥ በትንንሽ ቡቃያ ላይ ይነፉታል። ከሁለት ሳምንት በኋላ ቅጠሉ ይታያል። አንድም ብጉር ካላወጣ ዜሮ ነው፣ በሽታውን ችሎታል ማለት ነው። ከላይ እስከ ታች ብጉር ከሆነ አራት ነው፣ አልቆለታል። ቀላል ይመስላል አይደል? ድንቄም ቀላል! ሁለትን ከሦስት የሚለየው በብጉሩ ዙሪያ ያለች የደበዘዘች ክብ ናት፤ ከፀጉር የቀጠነች። ተማሪዎቹ በማጉያ መነጽር ግማሽ ቀን ይጨቃጨቁባታል። ዓይናማዋ ቅጠሉን ወደ ብርሃን ቀና ታደርግና «ሁለት። ቀጥል» ትላለች። በቃ።

ደንቡ እንዲህ ነበር፦ የሚያነብ ሰው የተክሉን ቁጥር አያይም። ካየ ያዳላል፣ ሰው ነዋ። ቁጥሩ የተጻፈበት ካርድ ወደሚጽፈው ሰው ዞሮ ይቆማል። የሚጽፈው ደግሞ እኔ ነበርኩ። ትምህርት ቤት ሄጄ ያተረፍኩት ቢኖር የእጅ ጽሑፍ ነው።

እትዬ ብዬ ነው የምጠራት፣ በስድስት ዓመት ትበልጠኛለች። ጣቢያው የገባችው ዕቃ አጣቢ ሆና ነው። ቅጠል ማንበቡን ማንም አላስተማራትም፤ እያጠበች ታይ ነበር። አላገባችም። ያሳደጋት ታላቅ ወንድሟ ልብስ ሰፊ ነው፤ ኩላሊቱን ሲታመም ደግሞ እሷ አሳዳጊ ሆነች። ለሃያ ሁለት ዓመት በየዓመቱ የሚታደስ ኮንትራት እየፈረመች ነው የኖረችው። ቋሚ ለመሆን ዲግሪ ያስፈልጋል። ዲግሪ የሌለው ሰው ያለው አንድ ቀዳዳ፣ ስሙ ታትሞ በወጣ አንድ የምርምር ጽሑፍ ላይ መግባት ነው። አንድ ጊዜ፣ አንድ ጽሑፍ ላይ። እሷም የምትፈልገው ያንን ብቻ ነበር።

ቃል የገባላት ደግሞ ዶክተሩ ነው። ዶክተር ከመሆኑ በፊት፣ እጁ የሚንቀጠቀጥ ተማሪ ሳለ፣ በመጀመሪያ ቀኑ የዋጉን ዱቄት በገዛ አፍንጫው ላይ የነፋ ጉደኛ ነው። አፍንጫውን ያጸዳችለት እሷ ናት። የሁለተኛ ዲግሪው ንባብ የእሷ፣ የሦስተኛውም የእሷ። «እትዬ፣ በሚቀጥለው ጽሑፍ ስምሽ ካልገባ ምን አለ በይኝ» ይላታል። የሚቀጥለው ይመጣል፣ ያልፋል፣ ሌላ የሚቀጥለው ይመጣል። እኔ ላም አለኝ በሰማይ ነው እላታለሁ። ትቆጣኛለች። «ልጁን አትማብኝ! እሱ እንደ ወንድሜ ነው» ትለኛለች። ዘጠኝ ዓመት እንደዚያ አለች።

እንግዲህ ወደ ሦስቱ ቀናት ልምጣ። ወንድሟ ድንገት ሆስፒታል ገባ። «አፈሩ፣ ሦስት ቀን ብቻ አጠጣልኝ። በግድግዳው በኩል ያለውን መደርደሪያ እንዳትረሳ» አለችኝ። «አንቺ ብቻ ወንድምሽን አስታሚ፣ በእኔ ጣይው» አልኳት። ያን ሰሞን የእንፋሎቱ በርሜል ተበላሽቶብኝ ከጠጋኙ ጋር ስጨቃጨቅ ነው የምውለው። የፊተኛውን መደርደሪያ አጠጣሁ። የግድግዳውን ረሳሁት። ሦስቱንም ቀን ረሳሁት! ምንም ሰበብ የለኝም፣ ከአእምሮዬ ወጣ።

በአራተኛው ቀን መጣች። ስድስት ዕቃ ቡቃያ፣ ሁሉም አርባ አንድ ቁጥር የምንለው የስንዴ ዘር፣ እንደ ደከመው ሰው ተጋድሟል።

«አጠጥተሃቸው ነበር?»

«እንዴ! አጠጥቻለሁ እንጂ።»

ጣቷን አፈሩ ውስጥ ሰደደች። «አንተ፣ አፈር ቀቃይ ሆነህ በአፈር ትዋሸኛለህ?»

አልጮኸችም፤ ብትጮኽ ይሻለኝ ነበር። ባለፈው ወር ብቻ አንድ አትክልተኛ ችግኝ አድርቀሃል ተብሎ ተባሯል። መንታ ሴት ልጆቼ ገና ሦስት ወራቸው ነበር፣ ታውቃለች። መዝገቡን ከእጄ ወሰደችና ራሷ ጻፈችበት፦ «አርባ አንድ ቁጥር ሦስት ቀን ውኃ አላገኘም። የረሳሁት እኔ ነኝ።» ፈረመች። «እኔን አይነኩኝም፣ ሃያ ዓመቴ ነው። አንተ ግን ሁለት አፍ አለብህ» አለችኝ። በማግስቱ ቡቃያዎቹ ቀና ሲሉ የዋጉን ዱቄት ነፋችባቸው።

ከሁለት ሳምንት በኋላ የዕቃዎቹ ቦታ ተቀያይሮ ልናነብ ቆምን። አርባ አንድ ቁጥርን እኔም አውቀዋለሁ፤ ሁልጊዜ አራት ነው፣ የበሽታ ቀለብ ነው። ካርዱ ወደ እኔ ዞሯል። ቅጠሉን ቀና አደረገችና «ዜሮ» አለች።

እጄ ቆመ። «እትዬ፣ እስቲ ደግመሽ እይው።»

«ዜሮ አልኩህ! ጻፍ እንጂ፣ ምን ያንገዋልልሃል?»

ዜሮ። ዜሮ። አንድ። ዜሮ። ስድስቱም እንደዚያ። ስትጨርስ ካርዱን አዞረችና አየች። ከዚያ አንድ ባልዲ ደፍታ ተቀመጠችበት። «ጠምቶት ነው» አለች። «ጥማቱ ነው የቀሰቀሰው። ሲጠማ በሩን ዘጋ፣ ዋጉ ሲመጣ ገና አልከፈተም ነበር።»

ለዶክተሩ ነገረችው። «ስሕተት ነው፣ ጣይው» አላት። አልጣለችም። የተራረፈ ዘር ለቅማ ራሷ ሞከረችው፦ አንድ ቀን ያስጠማችው፣ ሁለት ቀን፣ ሦስት ቀን፣ አምስት ቀን። አንድ ቀን ሲጠማ ምንም፤ አምስት ቀን ሲጠማ ይሞታል፤ ሦስት ቀን ሲጠማ ግን ዜሮ! አራት ጊዜ ደገመችው፣ አራቱንም ጊዜ የጻፍኩት እኔ ነኝ። መዝገቡን ይዛ ስትገባ ዶክተሩ መጀመሪያ ቆሞ ነበር። እያገላበጠ ተቀመጠ። ከዚያ ተነስቶ በሩን ዘጋ። ስትወጣ ፊቷ በርቶ «አሁንስ ስሜ ገባ! በአፉ ነው የነገረኝ» አለችኝ።

ዓመት ከመንፈቅ ላብራቶሪው ተሯሯጠ። አንድ ዘረመል አገኙ፤ ተክሉ ሲጠማ የሚነቃ፣ ሲነቃም በሽታውን የሚከለክል። ጽሑፉ ታተመ። የወጣ ዕለት እትዬ አንድ ቅጂ ይዛ ወደ እንፋሎት ክፍሌ መጣች። በውጭ ቋንቋ ነው፣ እሷ አታነበውም፤ እኔ ስም ስም ብቻ አነባለሁ።

«አለሁበት?»

ሰባት ስሞች ነበሩ። አንድ በአንድ በጣቴ ሄድኩባቸው። ደገምኩ። መጨረሻ ገጽ ላይ ለመስታወት ቤቱ ሠራተኞች ምስጋና የሚል አንድ መስመር አለ፣ እሱንም ፈተሽኩት።

«የለሽበትም፣ እትዬ።»

ወሽመጧ ቁርጥ ሲል አየሁ። ወንበሩ አጠገቧ ነበር፣ አልተቀመጠችም። ያመኑት ፈረስ ጣለ በደንደስ ሲባል እሰማ ነበር፤ ሲጥል ያየሁት ያን ቀን ነው።

ቢሮው ሄደች። በሩ ክፍት ስለነበር ከኮሪደሩ ሰማሁት። «እትዬ ሙች፣ ስም የሚገባው ሐሳብ ላፈለቀ ነው። አንቺ ያየሽውን ነው የነገርሽኝ» አላት።

«አንተ ያላየኸውን ማን ነገረህ ታዲያ?» አለችው። ስልኩን አነሳ።

አቤቱታ አስገባች። ሦስት ሰው ያለበት ኮሚቴ ተቀመጠ። ዶክተሩ ምን ይዞ ቢመጣ ጥሩ ነው? ያንኑ መዝገብ! ከፈተና የእሷን ፊርማ አሳያቸው። «ግኝት የምትለው ይኼ ነው» አላቸው። «ረስታ ነው ያደረቀችው፣ በገዛ እጇ ጽፋዋለች። ለምን ብሎ የጠየቀው፣ ሙከራውን ያቀደው እኔ ነኝ። ሦስት ቀን ውኃ የምትረሳ ሠራተኛ ናት እንግዲህ ተመራማሪ ነኝ የምትለው።» አፍንጫውን ያጸዳችለት ሰው ናት! ደሜ ፈላ፣ እውነቴን ነው። መፍላት ብቻ ምን ይሠራል?

እኔን አስጠሩኝ። እሷ የነገረቻቸው «ያን ሦስት ቀን ሆስፒታል ነበርኩ፣ አፈሩን ጠይቁት» ብላ ብቻ ነው። እሱ ነው የረሳው አላለችም። እዚያም ቆማ አላለችም! እኔ ራሴ እንድለው ተወችልኝ።

ሊቀ መንበሩ «ጸሐፊው አንተ ነህ። ያን ሦስት ቀን ውኃ ማን ነበር የሚያጠጣው? ድጋሚ ሙከራዎቹንስ ማን አቀዳቸው?» አለኝ።

የመንታዎቹ ፊት መጣብኝ፤ ወይም መጣብኝ እላለሁ፣ ሰው ራሱን ሲፈራ ልጆቹን ያመካኛል። «እኔ የሚሉኝን ነው የምጽፈው፣ ሌላ አላውቅም» አልኩ።

እትዬ ቅጠል እንደምታይ ቀና ብላ አየችኝ። ዶክተሩ መዝገቡን ዘጋ። በወሩ ኮንትራቷ በቸልተኝነት ምክንያት አይታደስም ተባለ። ሃያ ሁለት ዓመት የለበሰችውን ሽርጥ አጥባ፣ አጣጥፋ፣ ለንብረት ክፍል አስረክባ ወጣች። ተሰናብታ የዞረችው ሁሉንም ነው፤ በእኔ ክፍል በኩል አላለፈችም።

ቀጥሎ የሆነውን ለማውራት አፌ ያፍራል። ዶክተሩ ጠራኝና «ከእሷ ጋር ስትጽፍ ኖረሃል፣ ንባቡን ያዘው» አለኝ። ያዝኩታ። ባለቤቴ እልል አለች፤ እኔም ነጭ ጋዋን ለበስኩ። ዜሮንና አራትን ማንም ይለያል። ሁለትና ሦስት ላይ ስደርስ ግን ዕውር ነኝ፤ ግምት ነው የምሰጠው። አንድ ቀን ዶክተሩ ንባቤን ከላብራቶሪው የዘረመል ውጤት ጋር አስተያየና ፊቱን አጠቆረ። አሥራ ሁለት ተክሎች ጠቆመኝ። «እነዚህን ደግመህ አንብብ፣ ነገ ጠዋት እፈልጋለሁ» አለኝ።

ከሥራ ስወጣ ዓይኔን በጨው ታጥቤ ቤቷ ሄድኩ። ሁለት ክፍል ናት፤ ፊተኛው ክፍል የወንድሟ ስፌት መኪና ነው። እሷ መስኮቱ ሥር የሸሚዝ ቁልፍ ትተክላለች። ወንድሟ ምንም አያውቅም ኖሮ «ግባ ልጄ፣ ምነው ጠፋህ?» አለኝና ትራሱን ተደግፎ ተጋደመ።

«እትዬ፣ ይቅርታ ልልሽ ነው የመጣሁት።»

ክሩን በጥርሷ በጠሰች። «ዶክተሩ እንኳ እንደዚህ አላቃጠለኝም» አለች ቀስ ብላ፣ ወንድሟ እንዳይሰማ። «እሱ ወደ ላይ የሚሄድ ሰው ነው፣ ይረግጥሃል። አንተ ግን... ያን ቀን አፍህን ብትከፍት ምን ይቀርብህ ነበር?»

«ሥራዬ።»

«እኔስ? የእኔ ምን ነበር?»

ዓይኔን ወደ ስፌት መኪናው አዞርኩ። ዓይኗ የደረት ኪሴ ላይ አረፈ። እርጥብ ወረቀት ነበር፣ ሸሚዜን አርሶታል።

«ምንድን ነው እሱ?»

«ምንም አይደል።»

«አውጣው።»

አወጣሁት። አሥራ ሁለት ቅጠል፣ እንዳይጠወልጉ በእርጥብ ወረቀት የተጠቀለሉ። ለይቅርታ መጣሁ ያልኩትን ስለ ራሴ አምኜው ነበር፤ ወረቀቱ ጠረጴዛው ላይ ሲዘረጋ ግን ለምን እንደመጣሁ ሁለታችንም አወቅን። ወጣ በል ትለኛለች ብዬ ጠበቅሁ። ቁልፉን አስቀመጠች፣ እጇን በቀሚሷ ጠረገችና አንደኛውን ቅጠል ወደ መስኮቱ ቀና አደረገች።

«ሦስት» አለች። «ጻፍ።»

ጻፍኩ። ሁለት። ሁለት። ሦስት። አንድ። አሥራ ሁለቱንም አነበበች፣ አንዱም ላይ አላመነታችም። እኔ ቀኑን ሙሉ ያፈጠጥኩባቸው ናቸው። ስትጨርስ ቅጠሎቹን ጠቅልላ መለሰችልኝ።

«ሁለተኛ እዚህ እንዳትመጣ» አለች። ከእንቅልፉ የነቃው ወንድሟ «ምነው፣ ተጫወት እንጂ!» እያለ ሸኘኝ።

ጠዋት ወረቀቱን ለዶክተሩ ሰጠሁት። አንድ በአንድ ከላብራቶሪው ውጤት ጋር አስተያየው፤ አሥራ ሁለቱም ገጠሙ። ቀና ብሎ አየኝ።

«ይኼን አንተ ነህ ያነበብከው?»

«አዎ» አልኩት። «እኔ ነኝ።»