ያለ አውጫጭ የተፈለገች በቅሎ

ጣሊያን ከወጣ በኋላ ፖሊስ ሆነን የተቀጠርነው አብዛኞቻችን የዱር አርበኞች ነበርን። ተኩስ እንጂ ምርመራ አናውቅም። ስለዚህ አንድ ወጣት መቶ አለቃ ከአዲስ አበባ መጥቶ ለሥልጠና ጎንደር አጠገብ አዘዞ ላይ ሲሰበስበን፣ እኛን ለማባረር ሰበብ የሚፈልግ መሰለን። እሱ ባስተማረ ቁጥር እርስ በርስ እንተያያለን።

«ሰው በአደባባይ የሚናገረውና ለብቻው የሚናገረው አንድ አይደለም» አለን። «ለየብቻ ጠይቁ። ‹ማን ነገረህ?› በሉ። ዱላ አታንሱ።»

«ሌባ በልምምጥ ሊናዘዝ ነው?» አልኩት። ሁሉም ሳቀ፤ እሱ አልሳቀም።

ወደ ጣቢያዬ ወደ አይከል እንደተመለስኩ፣ የአንድ ጎንደሬ ነጋዴ በቅሎ ካደረችበት መንደር ጠፋች። ልማዱ አውጫጭ ነበር፤ አገሬው ሜዳ ላይ ተቀምጦ ሌባውን እስኪያወጣ ድረስ ቤቱ አይገባም። የመንደሩ ጭቃ ሹም ሰው ሊሰበስብ ሲነሳ ከለከልኩት።

«ምነው አያ? ሌባው እኮ የታወቀ ነው» አለኝና ከወንዝ ማዶ ወደሚኖር አንድ ቅማንት ገበሬ ጣቱን ቀሰረ። እኔም ያንን ሰው አላምነውም ነበር፤ ብቸኛ ነው፣ ሲያዩት ዓይኑን ይሰብራል። ቢሆንም የመቶ አለቃውን ነገር ልሞክረው ብዬ ቤት ለቤት ዞርኩ። አገሬው ደግሞ እኔን ጠረጠረ፤ «ጉቦ ቢበላ ነው በየጓዳው የሚያንሾካሹክ» ተባልኩ።

ሁሉም የሚጠራው ያንኑ ገበሬ ነው። «አይተሃል?» ስል «ሰምቼ ነው» ይላል። «ከማን?» አንዱ ከጎረቤቱ፣ ጎረቤቱ ከአማቹ፣ አማቹ ከጭቃ ሹሙ ወንድም። ሌላውንም ብከተል መድረሻዬ ያው ወንድምየው ነው።

እሱን ለብቻው አስቀመጥኩት። «አንተስ ከማን ሰማህ?»

«በዓይኔ ነው ያየሁ፤ በቅሎዋን ሲነዳ።»

«ታዲያ ምነው ያን ጊዜ አልጮህክ?»

የሰውየውን ቤት ስንፈትሽ ኮርቻዋን ከገለባ ሥር አገኘን። በቅሎዋ ግን ወደ መተማ ተሸጣ ኖሮ ሳትመለስ ቀረች።

ወንዙን ተሻግሬ ለገበሬው ሌባው መያዙን ነገርኩት። የሚደሰት መስሎኝ ነበር።

«ሸጋ» አለ፣ እርፉን ሳይለቅ። «ግን ሁሉን ቤት ሲጠይቁ እኔን ምነው ዘለሉኝ?»

ከዚያ ወዲህ ገበያ ላይ ስንገናኝ እጅ ይነሳኛል፤ ቆሞ ግን አዋርቶኝ አያውቅም።