ጥሩወርቅን ከሮም ያስቀረኋት እኔ ነኝ

ይህን ነገር ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ለልጆቼ አልተናገርሁም፣ ለጎረቤት አልተናገርሁም፣ ንስሐ ስገባም ለነፍስ አባቴ አልተናገርሁም። ለእሳቸው ለምን እንደ ደበቅሁ ኋላ ይገባችኋል። ትምህርቴ ከአራተኛ ክፍል አላለፈም፤ አሳምሬ ልጽፍ አልችልም። ማሳመርም አልፈልግም። ባሳምረው ሌላ ውሸት መጨመሬ ነው።

ደባርቅ ውስጥ የሚያውቀኝ ሰው ዳኛዋ ይለኛል። ሹመት የለኝም። ግን ጎረቤት በአጥር ሲጣላ፣ እኅትማማቾች በእናታቸው ቀሚስ ሲኳረፉ የሚጠሩት እኔን ነው። የአንዱን ቃል ለሌላው ሳደርስ አልጨምርም፣ አልቀንስም ብሎ ሰው ያምነኛል። በደሉን የሠራሁት በዚሁ እምነት ነው።

ጥሩወርቅ የልጄ አማት ናት። እሷ ዳባት፣ እኔ ደባርቅ እንኖራለን። ሰብለ የምትባል አንዲት የልጅ ልጅ የጋራችን ናት። ወላጆቿ ለሥራ ቆላ ወርደው ስለ ነበር ያሳደግናት ሁለታችን ነን። ደንቡን ያወጣሁት እኔ ነኝ፤ አንድ ዓመት እኔ ጋ፣ አንድ ዓመት እሷ ጋ፤ ገናን እኔ ጋ ከዋለች ፋሲካን እሷ ጋ። ጥሩወርቅ እየሳቀች ትቀበለኝ ነበር።

«እታለም፣ ልጅቱን እንደ ገብስ በቁና ልትሰፍሪብኝ ነው?» ትለኝ ነበር።

ሰብለ አድጋ ሮም ሄደች፤ እዚያ አንድ ምግብ ቤት ውስጥ ምግብ አብሳይ ሆነች። ኑሮዋ ረጋ ሲል ሁለታችንንም ወስዳ አገሩን ልታሳየን አሰበች። ያን ጊዜ የጥሩወርቅ ዐይን መታመም ጀምሮ ነበር። ጎንደር ያየቻት ሐኪም የዐይኗ ብርሃን ከዳር ዳር እየጠፋ ወደ መሀል እንደሚመጣ፣ የጠፋው እንደማይመለስ፣ መድኃኒቱም ከማዘግየት በቀር እንደማያድን ሳትደብቅ ነገረቻት። ሰብለ የቸኮለችው ለዚህ ነበር። እማ ጥሩ ሳይጨልምባት አንድ ነገር ትይ አለች።

ጉዞውን ስናቅድ የከረምንበት ጊዜ ከዕድሜዬ ሁሉ ደስ ያለኝ ነው። ይህንንም መናገር አለብኝ፤ ያጠፋሁት ምን እንደ ነበር እንድታውቁት። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ጥሩወርቅ ከዳባት በሚኒባስ ትመጣለች። ስልኩን ከውኃ ጆጉ ጋር እናስደግፈዋለን፤ ሰብለ እየተራመደች መንገዱን፣ ድልድዩን፣ ሕንፃውን በምስል ታሳየናለች። ጥሩወርቅ አፍንጫዋ መስታወቱን እስኪነካ ትጠጋለች። እሷ የምትሻው አንድ ነገር ነበር፤ ጴጥሮስና ጳውሎስ የሞቱባትን ከተማ በሐምሌ አምስት፣ በበዓላቸው ዕለት ማየት። ክርስቲያኖች ለአንበሳ የተጣሉበትን ያን ክብ የድንጋይ ፍርስራሽም ማየት፣ ቆሞም ማልቀስ። እኔ ደግሞ ፏፏቴውን መረጥሁ፤ ሰው ጀርባውን ሰጥቶ ሳንቲም የሚወረውርበትን። ለደጀ ሰላም ነዳያን የሚሆነውን ወደ ውኃ የሚጥል ሰው ምን እንደሚመስል ቀርቤ ላየው ብዬ። ጥሩወርቅ፣ እዚያም ሄደሽ ልትከሺያቸው ነው እንጂ ልትጎበኚ አይደለም አለችኝ። አንድ ቦታ እሷ ስትመርጥ አንድ ቦታ እኔ እንድመርጥ ደነገግሁ፤ እንዲሁ በሐሳብ ተጓዝን።

ምግቡም የራሱ ወግ ነበረው። የምንደርሰው በሐዋርያት ጾም መጨረሻ ስለ ሆነ ሰብለ የጾሙን ለይታ አወጣች፤ የሽምብራ ሾርባ፣ ባቄላ በዘይት፣ ያለ ወተት ከሎሚ የሚሠራ በረዶ። አንድ ቀን ደግሞ ኮሸሽላ የመሰለ እሾኻም አትክልት በዘይት ተጠብሶ እንደሚበላ አሳየችን። ጥሩወርቅ ትክ ብላ አየችው።

«ኮሸሽላ ለመብላት ነው ባሕር የምንሻገረው? ከቤቴ ጓሮ አህያ እንኳ አልፎት ይሄዳል» አለች።

ሰብለ እስክታለቅስ ሳቀች። በሐምሌ አምስት ጾሙ ሲፈታ የበግ ጥብስ ወደሚሠራ አሮጌ ቤት እንደምትወስደን፣ ውጭ በተዘረጋ ጠረጴዛ እንደምንቀመጥ ነገረችን። ጥሩወርቅ ጋቢ ያስፈልግ እንደሆነ ጠየቀች። በሐምሌ እኛ ጋ ጭጋጉ ከደጅ ሲገባ እዚያ ሰው በሙቀት ይሞታል መባሉን አላመነችም።

ቪዛውን አብረን ጠየቅን። ለእሷ ተፈቀደ፤ ለእኔ ተከለከለ። ምክንያቱን እስከ ዛሬ በቅጡ አልተረዳሁትም። ሰብለ ለአንቺ ድጋሚ እንጠይቃለን፣ እማ ጥሩ ግን ዐይኗ አይጠብቅምና አሁን ትምጣ አለች። ልክ ነበረች። ልክ እንደ ሆነች አውቅ ነበር። ጥሩወርቅ ደስታዋን ሸሸገችኝ፤ አጠገቤ ስትሆን ስለ ጉዞው ማውራት ተወች። ይህም አናደደኝ። ያዘነችልኝ መሰለኝ። እኔ ዕድሜዬን ሁሉ እኩል ይሁን ስል የኖርሁ ሰው፣ ለአንዷ ተሰጥቶ ለሌላዋ ሲቀር ዝም ልበል? እንዲህ አልሁ። ፍትሕ ብዬ ጠራሁት። ምን ፍትሕ አለበት? የእኔ ድርሻ መሬት ወደቀ፤ የእሷንም ልረግጠው ነው የፈለግሁት።

ጥሩወርቅ ባሏ ካረፈ ጀምሮ ቆራቢ ናት። ቆራቢ ሆና የነፍስ አባቷ ሳይፈቅዱላት ሩቅ አገር አትሄድም። የነፍስ አባታችን አንድ ናቸው፣ የሚያገለግሉት ደባርቅ ነው፣ እሷም ዓይነ አፋር ናት። ስለዚህ ጠይቂልኝ ብላ ላከችኝ። የላከችኝን ቃል ዛሬም በልቤ አውቀዋለሁ። ሰብለ የጾሙን በቤቷ፣ በራሷ ድስት ትሠራልኛለች። የእኛ ቤተ ክርስቲያን እዚያም አለ፤ እዚያ አስቀድሳለሁ፣ እቆርባለሁ። ዐይኔ ሳይጠፋ የሐዋርያቱን ቦታ ባይ እወዳለሁ። አባ አይሆንም ካሉ ግን ቀረ፤ አላዝንም። ያለችኝ ይህን ነው።

አባን ከቅዳሴ በኋላ ከቤተ ክርስቲያኑ ዋርካ ሥር አገኘኋቸው። የጠየቅኋቸውን ደግሞ እንደ ወረደ እጽፈዋለሁ።

«አባ፣ ቆራቢ የሆነች ባልቴት በጾም ወራት ባሕር ማዶ ለሽርሽር ሄዳ፣ በእንግዳ አገር ድስት የተሠራ እየበላች፣ የሌላ ሃይማኖት ቤተ ክርስቲያን ስትዞር ብትከርም እንዴት ይታያል?»

አባ መስቀላቸውን ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው አዛወሩ።

«ለቆራቢ? ተይ ልጄ፣ ይህማ አይሆንም። ማናት እሷ?»

«ሰው ጠይቂልኝ ብሎኝ ነው» አልኋቸው።

ነገሩን መርምሩት። ሰብለ ያለችው እንግዳ አገር ነው፤ ድስቷም እዚያው ያለ ድስት ነው። ጉዞው ሽርሽር ነበረበት። የጴጥሮስ ቤተ ክርስቲያን የእኛ አይደለም። አንድም ቃል ሐሰት ብላችሁ አትይዙብኝም። ይህን ለመሥራት ደግሞ እንደ እኔ ነገር ለይቶ የሚያቀርብ ሰው ያስፈልጋል። ጥያቄውን ያጣመምሁት ባለማወቅ አይደለም፤ ሌሊቱን ሳጠናው አድሬያለሁ። ስሟንም የደበቅሁት አውቄ ነው። ስሟን ብጠራ አባ ያስጠሯት ነበር፤ ብታስረዳቸውም ይፈቅዱላት ነበር።

ዳባት ሄጄ አባ አይሆንም ብለዋል አልኋት። ጥሩወርቅ አልተከራከረችም። እንግዲህ እሳቸው ካሉ አለች። ከዚያ እኔን ታጽናናኝ ጀመር። አንቺን ጥዬ ብሄድ ምን ደስታ አለው፣ ይኸው ሁለታችንም ቀረን አለችኝ። ሰብለ በስልክ ስታለቅስ እንኳ እሷ ነበረች የምታባብላት። እኔ አጠገቧ ተቀምጬ ዝም አልሁ። ዝም ማለት ቀለለኝ።

እዚህ ላይ ቢያበቃ በደሌ አንድ ይሆን ነበር። አላበቃም።

ዓመቱ ተለውጦ ለኅዳር ሚካኤል ጥሩወርቅ ደባርቅ መጣች። ታቦቱ ከገባ በኋላ መስቀል ልንሳለም አብረን ቀረብን። አባ አወቋትና እጇን ያዙ።

«ሰብለ ጋ ልትሄጂ ነው ሲሉ ሰምቼ፣ ልትሰናበተኝ ትመጣለች ብዬ ስጠብቅሽ ነበር። የሐዋርያቱን ቦታ አይተሽ መጥተሽ ትነግሪን ነበር እኮ። ምነው ቀረሽ?»

ጥሩወርቅ ፊቷን ወደ እኔ አዞረች። ያን ጊዜ ከፊት ለፊቷ ያለውን ገና ታይ ነበር፤ እኔን በደንብ አየችኝ። ከዚያ ወደ አባ ተመለሰች።

«ዐይኔን አሞኝ ነው አባ» አለች።

እግዚአብሔር ይማርሽ ብለው ባረኳት። ወደ መናኸሪያው ስንሄድ ሕዝቡ እየተጋፋ ክንዴን ይዛ ነበር። ሚኒባሱ ጋ ልንደርስ ስንል፣ ሳትቆጣ፣ ሰዓት እንደሚጠይቅ ሰው ጠየቀችኝ።

«እታለም፣ አባን ምን ብለሽ ነው የጠየቅሻቸው?»

በሩ ተከፍቶልኝ ነበር። እሷው ራሷ ግቢ ብላ ነው የከፈተችልኝ። ያን ጊዜ ቪዛዋ የዓመት ነበርና ጊዜው አላለፈም፣ ዐይኗም አልጨለመም። እውነቱን ብናገር በዚያው ሳምንት ትሄድ ነበር። እኔስ ምን አልሁ?

«እንዳልሽኝ» አልኋት።

እሺ አለች። ሚኒባሱ ላይ ወጥታ በመስኮቱ እጇን አውለበለበችልኝ።

ከዚያ የፈቃዱ ጊዜ አለፈ፤ ከዚያ አገሩ ታወከ፣ መንገድ ተዘጋ፤ ሲከፈት የጥሩወርቅ ዐይን ብርሃንና ጥላ ብቻ የሚለይ ሆኖ ነበር። ዛሬም ዳባት እየሄድሁ እከርማለሁ። እጇን ይዤ ቤተ ክርስቲያን አደርሳታለሁ፤ ሰው አይቶ እንዲህ ያለ መዋደድ ለማን ተሰጥቶ ነው ይለናል። ሰብለ ስትደውል አሁንም መንገዱን በስልክ ታሳያለች፤ ልማድ ሆኖባት ይሁን አላውቅም። ጥሩወርቅ ጆሮዋን አዘንብላ፣ ምን ይታያል እታለም፣ ንገሪኝ እንጂ ትለኛለች። እኔም እነግራታለሁ። ድልድይ ነው፣ ውኃው ቡናማ ነው፣ ሴትዮዋ ቀይ ጫማ አድርጋለች እላታለሁ። በዐይኗ ልታይ የሚገባትን እኔ ነኝ የማወራላት። የነጠቀ ሰው ቆርሶ ሲያጎርስ አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ ነኝ ያ ሰው።

ለነፍስ አባቴ ያልተናገርሁት ለዚህ ነው። ብነግራቸው በእኔ እጅ፣ በራሳቸው ቃል አንዲት ምስኪን እንደ ተበደለች ሊያውቁ ነው። ለእሳቸው አዝኜ ነው እያልሁ ዓመታት አሳለፍሁ። ይህም ሐሰት ነው። ያዘንሁት ለስሜ ነው። ዳኛዋ መባል ጣፍጦኝ ነው።

እኛ ጋ ሰው ሲያጠፋ ሰይጣን አሳሳተኝ ይላል። እኔ አልልም። ያን ቀን ከዋርካው ሥር ከአባና ከእኔ በቀር ማንም አልነበረም። ቪዛ ስለ ተከለከልሁ ነው አልልም፤ የተከለከለ ሁሉ እንዲህ አያደርግም። ስላረጀሁ ነው አልልም፤ እሷም አርጅታለች።

ነገ ዳባት እሄዳለሁ። አባንም ይዣቸው ልሄድ ለምኛቸው እሺ ብለዋል፤ ለምን እንደ ሆነ አላወቁም። ሁለቱ ባሉበት የላከችኝን ቃልና የጠየቅሁትን ቃል አጠገብ ላጠገብ አድርጌ እናገራለሁ፤ እንደ ለመድሁት፣ ሳልጨምር፣ ሳልቀንስ። «ከቤቴ ውጪ» ካለችኝ እወጣለሁ። ዝም ካለችም ዝምታዋን እቀበላለሁ፤ አውቄው ነበር እታለም ብላ ልታቀልልኝ ብትሞክር ግን አልቀበላትም። ሳትሰማው ይቅር እንድትለኝ አልፈልግም።

እናንተም ይህን አንብባችሁ አሮጊት ናት፣ ተጸጽታለች፣ ይቅር ይበላት አትበሉ። እናንተን አልበደልሁም።