ጉልበቷን እንጃ

የተሰበሰብነው ካዛንቺስ በነበረው መሥሪያ ቤታችን ግቢ ውስጥ ነው። ዳይሬክተሩ ላይኛው ደረጃ ላይ ቆመዋል። ከእሳቸው ዝቅ ብሎ የስፖርት ኮሚቴው ሰብሳቢ ማይክራፎን ይዟል። የሒሳብ ክፍል ሴቶች ጥላው ሥር ቆመዋል፤ ሾፌሮቹ እንደ ልማዳቸው ከመኪኖቻቸው አልራቁም። ተላላኪያችን አዲስ ቱታ ለብሳ፣ ያልተለኮሰ ችቦ በሁለት እጇ ይዛ መሃል ላይ ነበረች። እኔ የመዝገብ ቤት ኃላፊዋ ከሁሉም ኋላ፣ ከጥበቃው ቤት አጠገብ ቆምኩ። ከዚያ መውጫው ቅርብ ነው።

ለመንግሥት ሠራተኞች የስፖርት ውድድር መክፈቻ እሳቱ በየመሥሪያ ቤቱ ሰው እጅ ከችቦ ወደ ችቦ እየተላለፈ ይሄድ ነበር። የእኛ ድርሻ ከኡራኤል እስከ መስቀል አደባባይ ነው። ተላላኪያችን የተመረጠችው ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ከካዛንቺስ ሰንጋ ተራ ደብዳቤ በእግሯ ስላመላለሰች ነው። ደብዳቤዎቹን በየጠዋቱ ቆጥሬ የማስረክባት እኔ ነበርኩ።

ከሦስት ሳምንት በፊት የኮሚቴው ሰብሳቢ ወደ መስኮቴ መጥቶ ነበር።

«እትዬ፣ ለችቦው ሁለት ሰው ቀርቶናል። አንዷ እርስዎ ነዎት፣ አንዷ እሷ። ማለቴ፣ እርስዎ ያውቋታል፤ ትችለዋለች?»

ጡረታ ልወጣ አራት ወር ቀርቶኛል። ተማሪ ሳለሁ ለትምህርት ቤቴ እሮጥ ነበር፤ መሥሪያ ቤት ውስጥ ይህን የሚያውቅ አልነበረም። ከፋይሉ ቀና ሳልል «ጉልበቷን እንጃ» አልኩት።

ጉልበቷን ሲያማት አይቼም ሰምቼም አላውቅም። ደረጃ ላይ ቆሜ የማርፈው እኔ ነኝ። እሱ ግን ማስታወሻው ላይ ጻፈው። ሆኖም እሷን መረጡ።

«ደመራው የት ነው? መስከረም ገና እኮ ነው!» አለ ግቢው ውስጥ አንዱ ሾፌር፣ ችቦዋን እያየ።

«አንተ መሪ ጨብጠህ ስትወፍር እኔ ኡራኤልን በእግሬ አልፌ እመለስ ነበር። ዝም በል!» አለችው ተላላኪያችን። ዳይሬክተሩ ሳይቀሩ ሳቁ።

ከአጭር ንግግራቸው በኋላ ማይክራፎኑ ለእሷ ተሰጠ።

«እኔ በቃ ደብዳቤ ማድረስ እንጂ ንግግር አላውቅም። ግን አንድ ሰው ሳላመሰግን አልሄድም። ኮሚቴው ሲጠይቃቸው ‹ጉልበቷን እንጃ› ብለው የተጨነቁልኝ እትዬ ናቸው። ይኸው ስንት ዓመት ስመላለስ ‹ጉልበትሽ እንዴት ነው?› ያለኝ ሰው የለም። በእሳቸው ምክንያት ሐኪም ዘንድ ተላክሁ። ሐኪሙም ‹የኮረዳ ጉልበት ነው› አለኝ!»

ጭብጨባው ቀለጠ። ሰብሳቢው አላጨበጨበም። ጫማውን ያይ ነበር። እኔም እጩ እንደነበርኩ ከኮሚቴው ውጪ የሚያውቅ የለም።

«እትዬ፣ ይምጡ! መጀመሪያ እርስዎ ይያዙት!»

ሰዉ መንገድ ከፈተልኝ። እንቢ ብል ምክንያቱን እጠየቃለሁ። ሄድኩ። ችቦውን በእጄ ላይ አኖረችው። ብረቱ ይቀዘቅዛል፤ እንዳሰብኩት አይከብድም። ሦስት ሳምንት የተመኘሁት ይኸው ነበር።

ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ «ጉልበቴ እርስዎ ነዎት» አለችኝ።

በዕድሜ የምበልጣት በስምንት ዓመት ነው። ቀና ብዬ ፊቷን ማየት አቃተኝ። የቱታዋን ዚፕ አየሁ፤ አዲስ ስለሆነ ጫፉ ላይ ያለው የዋጋ ወረቀት እንኳ አልተነሣም።

ሰብሳቢው ማይክራፎኑን ወደ እኔ ዘረጋ። አሁን ዓይኖቹ እኔ ላይ ናቸው። ያልኩትን ለምን እንዳልኩት ለመናገር አንድ ዓረፍተ ነገር ይበቃ ነበር። አፌን ከፈትኩ።

«በርቺ» አልኩ።

እንደገና አጨበጨቡ። ችቦውን መለስኩላት። ቦርሳዬን ከጥበቃው ቤት አንሥቼ በትንሹ በር ወጣሁ።