ካሜራውን ካጠፋሁ በኋላ

ቶሎሳን ያወቅሁት በካሜራዬ ነው። በአዘቦት ቀን ታክሲ እነዳለሁ፤ ቅዳሜና እሁድ ሠርግ፣ ልደትና ምርቃት እቀርጻለሁ። እኔ ኦርቶዶክስ ነኝ፤ ካሜራዬ ግን ሃይማኖት የለውም። እዚህ አሜሪካ፣ ኮሎምበስ ከተማ ውስጥ ካሉት የጴንጤ ዘማሪዎች የግማሾቹን ክሊፕ የሠራሁት እኔ ነኝ ብል ብዙም አላጋነንኩም። ከመኪናዬ ኋላ ሦስት ኮት፣ አንድ ነጭ ሸሚዝና አንድ ካውያ አይጠፋም። የመዝሙር ክሊፕ አረንጓዴ ሣር፣ ትልቅ ቤትና ቢያንስ ሁለት ጊዜ የተቀየረ ልብስ ይፈልጋል። ለምን እንደሆነ ጠይቄ አላውቅም። እነዚህ ከሌሉ ግን አገር ቤት ያለው ዘመድ «ምነው፣ ልጁ አልቀናውም እንዴ?» ማለቱ አይቀርም።

ቶሎሳ በዲቪ ከነቀምት የመጣ ሰው ነው። ኦቤትስ የሚባል ሰፈር ያለ መጋዘን ውስጥ ስምንት ዓመት ካርቶን ሲያነሳ ወገቡ ተበላሸ። ከዚያ ቤት ለቤት እየሄዱ አረጋውያንን የመንከባከብ ሥራ አገኘ፤ አፐር አርሊንግተን በሚባለው የሀብታም ሰፈር ብቻቸውን የሚኖሩ፣ የመርሳት በሽታ የጀመራቸው ሚስተር ዋልት የሚባሉ ጡረተኛ ደረሱት። አራት ዓመት ሙሉ ሲያጥባቸው፣ ሲያበላቸው፣ ጢማቸውን ሲላጫቸው ኖረ። ሲከፋቸው ቀስ ብሎ ይዘምርላቸዋል። የልጃቸው ስም ሲጠፋቸው የእሱ አይጠፋቸውም ነበር። «ጋሼ፣ እኔ አባቴ ሳልጦረው ነው የሞተብኝ፤ እኚህን እየጦርኩ ነው» ይለኝ ነበር። የምበልጠው በስድስት ዓመት ብቻ ነው፤ ጋሼ ማለቱን ግን አልተወም።

አምና ግንቦት ላይ የመጀመሪያ መዝሙሩን ለማውጣት ተነሳ። አንዱ ፓርክ በሰው ተጨናነቀብን፣ ሌላው የፈቃድ ወረቀት ጠየቀን። በመጨረሻ «የሚስተር ዋልት ቤት ደጃፍስ?» ያልኩት እኔ ነኝ። ነጭ ዓምድ፣ ሰማያዊ በር፣ ምንጣፍ የመሰለ ሣር ያለው ቤት ነው። ቶሎሳ አቅማማ። ሽማግሌው ከምሳ በኋላ አንድ ሰዓት ይተኛሉ፤ በዚያ ሰዓት እሱ ሳሎን ቁጭ ብሎ መጠበቅ ነው ሥራው። «ሃያ ደቂቃ ናት፤ በሩ ላይ ነን» አልኩት። የእኔን ሃያ ደቂቃ የሚያውቅ ያውቃታል።

ክሊፑ ያምር ነበር፤ የራሴ ሥራ ስለሆነ አይደለም። ነቀምት ያሉት ዘመዶቹ በዓምዱና በሣሩ ተደነቁ፤ እግዚአብሔር ቤት ሰጠህ ብለው ደወሉለት። እሱም ቤቱ የእኔ ነው አላለም፣ የእኔ አይደለም ብሎም አላረማቸውም።

ልጁ ሔርሞን አሥራ አንደኛ ክፍል ናት። ዘንድሮ ትምህርት ቤቷ ሚዲያ የሚባል ክላስ ወሰደች። ኒር ኢስት ሳይድ የሚባለው ሰፈር ያለው ቤታቸው ስሄድ የምግብ ጠረጴዛው በተቀደደ መጽሔት ተሸፍኖ አገኘው ነበር፤ የሽቶ ማስታወቂያ፣ የመኪና ማስታወቂያ፣ ከንፈር፣ ጫማ። በእያንዳንዱ ላይ በቀይ እስክሪብቶ ትጽፍበታለች። ማን ሠራው? ለማን ተሠራ? ምን እንድናምን ይፈልጋል? ከፍሬሙ ውጭ የቀረው ምንድን ነው? እናቷ ዓለምነሽ ሳህን የምታስቀምጥበት አጥታ ታማርራለች። እኔም እቀልዳለሁ፤ በእኛ ጊዜ ክፍል ውስጥ መጽሔት ይዞ የተገኘ ተንበርክኮ ነበር የሚውለው። እንደ እውነቱ ግን ቀናሁባት። ሃያ ዓመት ካሜራ ይዤ አንዱንም ጥያቄ ጠይቄው አላውቅም።

ለማጠቃለያ ሥራቸው እያንዳንዱ ተማሪ አንድ የሙዚቃ ቪዲዮ መርጦ እንዲተነትን ታዘዘ። ሌሎቹ የታወቁ ዘፋኞችን ያዙ። ሔርሞን የአባቷን ክሊፕ መረጠች።

ቶሎሳ ይህን ሲሰማ የሚይዘው የሚጨብጠው ጠፋው። ትንተና ማለት ምን እንደሆነ ማን ነግሮት! የገባው መዝሙሩ በአሜሪካ ትምህርት ቤት ሊጠና መሆኑ ብቻ ነው። እሁድ ምስክርነት ሲሰጥ ተነስቶ፣ «ልጆቻችን ጸሎት በማይፈቀድበት ክፍል ጌታ በመዝሙሬ በኩል ገባ» አለ። ምእመኑ አሜን አለ፣ እልልታው ቀለጠ። ትምህርት ቤቱ የላከውን የፈቃድ ቅጽ እንደ ልማዱ በር ላይ ጫማውን እያጠለቀ ፈረመው። ሥራው በኢንተርኔት ሊወጣ እንደሚችል ሁለተኛው ገጽ ላይ ተጽፎ ነበር።

አንድ ቀን ሔርሞን ልትጠይቀኝ መጣች። ስልኳን ለመቅጃ ጠረጴዛው ላይ አኖረችና ጀመረች።

«ጋሽ ገብረኪዳን፣ ዋይ ሎው አንግል? ለምንድን ነው ከታች ሹት ያደረግከው?»

«ሰውየው እንዲገዝፍ ነዋ!»

«እና ቤቱን? ዩ ኔቨር ሾው ኢንሳይድ።»

«ውስጡን ምን ያደርግልኛል? ተመልካቹ ከበሩ ወዲያ ያለውን ራሱ ይጨርሰዋል።»

«ኦ ማይ ጋድ፣ ይኼ ፐርፌክት ነው» አለች፤ እየተቻኮለች ጻፈች።

እኔ ደግሞ አበጥኩ። በዕድሜዬ ስለ ሥራዬ የጠየቀኝ ሰው «መቼ ያልቃል?» ከማለት አልፎ አያውቅም። ያልተቆረጠውን፣ ጥሬውን ቀረጻ አለህ ወይ አለችኝ። ለቶሎሳ ደወልኩለት። «ጋሼ፣ ምን ትሰስታለህ? ሁሉንም ስጣት!» አለኝ። ሰጠኋት። ምን እንዳለበት አንዴ እንኳ ከፍቼ ብመለከት ምን ነበረበት! እስካሁን ራሴን የምረግምበት ይኼ ነው።

የተማሪዎቹ ሥራ ለወላጆች በሚታይበት ቀን ሁላችንም ለብሰን ሄድን። ቶሎሳ ክሊፑ ላይ የለበሰውን ኮት አበደርኩት። ከቤተ ክርስቲያናቸው ሁለት ሽማግሌዎች መጥተዋል። ሔርሞን መድረክ ላይ ወጥታ በጥሩ እንግሊዝኛ ተናገረች። መጀመሪያ ክሊፑን ለግማሽ ደቂቃ አሳየች፤ ሰው አጨበጨበ። ከዚያ፣ «አሁን ደግሞ ያንኑ ቅጽበት ሳይቆረጥ እንየው» አለች።

ቶሎሳ ዓይኑን ጨፍኖ ይዘምራል። ከኋላው ሰማያዊው በር ይከፈታል። ሚስተር ዋልት በሌሊት ልብስ፣ በባዶ እግራቸው ደረጃው ላይ ይወጣሉ። ዝናብ ዘንቦ ስለነበር ደረጃው እርጥብ ነው። አፋቸው «ቶሎሳ?» ሲል ይታያል። መዝሙሩን የሚያጫውተው ድምፅ ማጉያ ስለሚጮህ ቶሎሳ አይሰማም። ሽማግሌው የዓምዱን ጫፍ ይዘው ይንገዳገዳሉ። ቶሎሳ ዓይኑን ገልጦ ዞር ሊል ሲል ከካሜራው ኋላ የእኔ ድምፅ ይሰማል። «ተዋቸው! ቀጥል፣ ብርሃኑ ሊሄድብን ነው!» ሔርሞን የእኔን ቃል በእንግሊዝኛ ተርጉማ ከሥር ጽፋዋለች። ከዚያ ምስሉ ይቋረጣል።

እኔ ክው አልኩ። ልጅቷ ስለ ትልቅ ቤት፣ ስለ ስኬት ምስል፣ ፍሬሙ ስለሚያስወጣቸው ደካሞች አብራራች። መምህሯ ዓይኗን እየጠረገች አቀፈቻት። ቶሎሳ ከሁሉም ቀድሞ ቆሞ አጨበጨበ፤ ልጁ ያሳየችው ነገር ምን እንደሚያመጣበት ገና አልገባውም ነበር።

ያልታየውን ልናገር። ምስሉ የተቋረጠው ቶሎሳ ዞር ብሎ ስላያቸውና እኔ ተናድጄ ካሜራውን ስላጠፋሁት ነው። ሮጦ ያዛቸው። ኮቱን አውልቆ ትከሻቸው ላይ ጣለ፤ የእኔን ኮት። እርጥቡ ደረጃ ላይ ተንበርክኮ እግራቸውን በነጭ ሸሚዙ ጠረገ፣ የራሱን ጫማ አጠለቀላቸው፣ እያባበለ አስገባቸው። ካልሲው በስብሶ ስለነበር የቀረውን መዝሙር ከወገቡ በላይ ነው የቀረጽኩት። ይህን ያየሁት እኔ ብቻ ነኝ፤ ያጠፋሁትም እኔ ነኝ።

ትምህርት ቤቱ የተመረጡ ሥራዎችን ኢንተርኔት ላይ አወጣ። አራት ቀን አልሞላም። የሚስተር ዋልት አንዲት ጎረቤት በሩን ለይታ ለልጃቸው ላከችላት። ልጃቸው ቶሎሳን ቀጥሮ ላሰማራው የእንክብካቤ ኤጀንሲ ደወለች። ቶሎሳን በዚያው ቀን ከሥራ አገዱት።

አብሬው ቢሯቸው ሄድኩ። ተቆጣጣሪዋ ክፉ ሴት አይደለችም፤ ውኃ ሰጠችን። እኔ ካሜራ ካጠፋሁ በኋላ የሆነውን አንድ በአንድ ነገርኳት፣ ጫማውን ሳይቀር። በትዕግሥት ሰማችኝና፣ «ይኼ በቪዲዮ አለ?» አለችኝ። የለም አልኳት። አንገቷን ደፋች። ቶሎሳስ ምን ብሎ ይናገር? ተኝተው ነበር እንዳይል፣ ሲወጡ ይታያሉ። ከሥራ መሰናበቱን የሚገልጽና ሁለተኛ ከደንበኛው ጋር በምንም መንገድ እንዳይገናኝ የሚያዝ ወረቀት አቀረበችለት። ይህን ግን ቁጭ ብሎ አነበበው፤ ሁለት ጊዜ። ከዚያ ፈረመ።

ሔርሞን ስትሰማ አበደች። መምህሯን ለምና ቪዲዮውን በማግስቱ አስነሳችው፤ የተሰጣትን ኤ አልፈልግም ብላ ኢሜይል ጻፈች። መምህሯም ደንግጣ ለኤጀንሲው ደብዳቤ ላከች፤ መልስ አላገኘችም። ከዚያ ወዲህ ልጅቷ ከአባቷ ጋር ፊት ለፊት አትቀመጥም። እሱ አልተቆጣትም። ቢቆጣት ይሻላት ነበር መሰለኝ።

ባለፈው ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ልጠይቃቸው ሄድኩ። ዓለምነሽ በሩን ከፍታልኝ፣ ሳትስመኝ፣ «ጋሽ ገብረኪዳን፣ ያንን ካሜራ ትንሽ ብታቆየው ምን ነበር?» አለችኝና ወደ ጓዳ ገባች። ቶሎሳ ሶፋው ላይ ተቀምጧል። መጋዘን ልመለስ ቢል ወገቡ አይሆንለትም፤ ሌሎቹ ኤጀንሲዎች ደግሞ የቀድሞውን ይጠይቃሉ። ሔርሞን ከመኝታ ቤቷ ወጥታ በሩ ላይ ቆመች።

ስልኩ ጮኸ። ጠረጴዛው ላይ ነበርና ስሙን ሁላችንም አየነው። ሚስተር ዋልት።

ለሚረሱ ሰዎች የሚሠራ ስልክ አለ፤ በቁጥር ፈንታ ቁልፎቹ ላይ የሰው ፎቶ ይለጠፋል። የሽማግሌው ስልክ የመጀመሪያው ቁልፍ ላይ ያለው የቶሎሳ ፎቶ ነው፤ ካባረሩት በኋላ እሱን መንቀል ማንም ትዝ አላለውም።

«ዳድ፣ ፒክ ኢት አፕ፣ አንሳው» አለች ሔርሞን።

«አልችልም፣ ልጄ።»

«ፕሊዝ፣ ዳድ። ጀስት ሰላም በላቸው።»

«ፈርሜያለሁ» አለ ቶሎሳ። ሁለት እጁን ጉልበቱ መሃል ቀርቅሮ ስልኩን ያየዋል። ልጅቷ መሬት ላይ ቁጭ አለች።

ጮኾ ጮኾ ቆመ። እፎይ ልል ስል እንደገና ጮኸ። ሽማግሌው ቅድም መደወላቸውን ረስተውታል።