ቱሪያና የጓድ ዋርፋ ዲስክ

ቱሪያ በድሬዳዋ አንድ የሳሙና ፋብሪካ ውስጥ አሥራ ሁለት ዓመት በታይፕ ጸሐፊነት ሠርታለች። በ1981 ዓ.ም. ለፋብሪካው የመጀመሪያው ኮምፒዩተር ሲመጣ አዲስ አበባ ተልካ ስድስት ሳምንት ሠለጠነች። አሠልጣኟ አንድ ነገር ደጋግሞ አስጠነቀቃት፦ «የማታውቂውን ዲስክ አታስገቢ። በዲስክ ተደብቆ ገብቶ ሥራሽን የሚያበላሽ ተንኮል አለ።»

ተመልሳ ይህንኑ ለጥበቃ ኃላፊው ለጓድ ዋርፋ ነገረችው። ጓድ ዋርፋ ስለ ዲስክ የሚያውቀው አልነበረም፤ ስለ ሰላይ ግን የማያውቀው አልነበረም። በማግስቱ የክፍሉን መስኮት በሰማያዊ ቀለም አስቀባ። ሽሬ የሚባለውን ዘበኛ ጠመንጃ አስይዞ በር ላይ አቆመው። የቱሪያን ቦርሳ ደግሞ በየጠዋቱ ራሱ ይፈትሽ ጀመር፤ ለምሳ የያዘችውን ሳምቡሳ ሳይቀር ለሁለት ይከፍላል።

«አቦ ጓድ ዋርፋ፣ ዲስክ እኮ ከሳምቡሳው ይሰፋል፤ እንዴት ብሎ ይገባል?»

«ጠላት መላ አያጣም» አላት፣ ግማሹን እየበላ።

እሱን የሚፈትሽ ግን አልነበረም። ድሬ በሙቀት ስትቀቀል፣ በፋብሪካው ማቀዝቀዣ ያለው ያ ክፍል ብቻ ነው፤ እሱም ለማሽኑ ተብሎ የተገጠመ። ምሳ ሰዓት ሲደርስ ጓድ ዋርፋ «የደኅንነት ቁጥጥር አለብኝ» እያለ ቱሪያን ያስወጣና በሩን ይዘጋል።

አንድ ቀን ከላይ ትልቅ እንግዳ መጣ። ጓድ ዋርፋ «ይህን ማሽን ዝንብ እንኳ አልቀረበውም» ብሎ ረጅም ንግግር አደረገና ቱሪያን «አብሪው» አላት። አበራችው። የመለዋወጫ ዕቃ መዝገብ በሚወጣበት ቦታ የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ተደረደረ።

«ምን ይላል?» አለ እንግዳው።

ቱሪያ ወደ ማሽኑ ጠጋ አለች። መዋሸት አላወቀችበትም፤ እንዳለ ተረጎመችው። «ወደ ሱቃችን እንኳን በደህና መጡ። ቴሌቪዥን፣ ቴፕ፣ የሴቶች ሽቶ በቅናሽ እንሸጣለን።» ቀጥሎም የስልክ ቁጥር ነበረው።

«አሻጥር ነው! ሲ.አይ.ኤ. ነው!» ብሎ ጮኸ ጓድ ዋርፋ።

ቱሪያ የማሽኑን አፍ ከፈተች። ውስጡ ተረስቶ የቀረ፣ የመኪና ሥዕል የተለጠፈበት ዲስክ ነበር።

«የማነው?» አለ እንግዳው። ከበሩ ሽሬ አንገቱን አስገባ።

«ጓድ ዋርፋ፣ ያንተ አይደል እንዴ? አማችህ ከጅቡቲ ያመጣልህ የመኪና ጨዋታ? ትናንት ‹መኪናዬ ገደል ገባች!› እያልክ ስትጮህ ሰው የሞተ መስሎኝ ልሰብረው ነበር እኮ በሩን።»

ጉዳዩ ኮሚቴ ፊት ቀረበ። ጓድ ዋርፋ ሂሱን ዋጠ፤ «የጠላትን መሣሪያ በቅርብ ለማጥናት ነው» አለ። እንዲህ ያለ ልምድ ያለው ሰው አይባክንም ተብሎ ለሌሎች ፋብሪካዎች የኮምፒዩተር ጥበቃ እንዲያስተምር ተላከ። ሽሬ ከደጅ ተነስቶ ወደ መጋዘን ተዛወረ። ቱሪያ የኢምፔሪያሊስት ማስታወቂያ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ በማንበቧ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጣት።

ማስጠንቀቂያውን ፈርማ ተቀበለች። ያን ቀን ማሽኑን አጸዳችው፤ ለብቻዋ ካስቀመጠችው ቅጂ መዝገቡን መለሰች፤ ማንም እንዳይጽፍባቸው የዲስኮቹን ጠርዝ በፕላስተር ሸፈነች። ከዚያ በታይፕ አንድ ወረቀት መትታ ማሽኑ ላይ ለጠፈች፦ «ያልታወቀ ዲስክ አይገባም፤ የኃላፊም ቢሆን።»

አዲሱ የጥበቃ ኃላፊ አነበበና «የመጨረሻዋን ሐረግ አንሺያት» አላት።

«ወላሂ፣ ከወረቀቱ ሁሉ ሥራ የምትሠራው እሷ ናት» አለችውና ሥራዋን ቀጠለች።